ሳህኑን የገፋሁበት ምክንያት

ውድ እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ ማንበብ ከመጀመርሽ በፊት ቁጭ በይ። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ለጎረቤት ሰጥተሽ እንዳታስነብቢው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ልብሽ ይረፍ። እኔም ደህና ነኝ፣ ወንድሜ ቀጮም ደህና ነው። ሁለታችንም አለን፣ ሁለታችንም እንስቃለን። ስንስቅ ብቻ ጎናችንን ያመናል። ለምን እንደሚያመን እስክትደርሺበት ድረስ አታልቅሺ። ከደረስሽበት በኋላም ያን ያህል የሚያስለቅስ ነገር የለውም።

የምጽፍልሽ ስላለፈው የድንች ለቀማ ነው። መቼም አትረሺውም። ሦስት ቀን ቤትሽ ቆይቼ፣ ሦስቱንም ቀን ያቀረብሽልኝን ግማሹን እየበላሁ ሳህኑን ገፋሁት። በመጨረሻው ቀን «እጄ ጎመዘዘሽ?» አልሽኝ። መልስ አልሰጠሁሽም። ከዚያ ወዲህ ይኸው ስምንት ወር፣ በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ከመባባል ያለፈ ወሬ የለንም። ያን ቀን የዋጥኩትን መልስ ዛሬ ልስጥሽ። ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ከልጅነቴ ነው የሚጀምረው።

አባዬ «ትራክተሬ» ይለኝ ነበር። በልጅነቴ ከዚያ የበለጠ የሚያኮራ ስም አልነበረኝም። ጠዋት ተነስቼ ላሞቹን አልባለሁ፣ ሁለቱን የወተት ጣሳ በግራና በቀኝ አንጠልጥዬ እስከ ትልቁ መንገድ አደርሳለሁ። ስመለስ ቁርስ ቀርቦ ይጠብቀኛል። እንደ ጡብ የወፈረ ዳቦ፣ በላዩ ላይ ዳቦው እስከማይታይ ድረስ የተቀባ ቅቤ፣ ሦስት እንቁላል፣ አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት። ያ ሁሉ ገብቶ ረፋድ ላይ የት እንደገባ አይታወቅም ነበር። አረሙ፣ ኩትኳቶው፣ ከጉድጓድ ውኃ መሳቡ ጠራርጎ ይወስደዋል። ምሳ ላይ ደግሞ እንደገና። ደመና ከከበደ ቆመን ነው የምንበላው። «ቶሎ ቶሎ በሉ፣ ዝናቡ እናንተን አይጠብቅም» ትዪን ነበር። እኔም ሳላኝክ መዋጥ የተማርኩት ያኔ ነው።

በቤታችን ምግብ ተርፎ አያውቅም። ሳህኑ ላይ አንዲት ድንች የተወ ልጅ ካለ ጥያቄሽ አንድ ነው፦ «ታመሃል ወይስ ንቀኸኛል?» ሦስተኛ መልስ አልነበረውም። ቀጮ ሁልጊዜ «ታምሜያለሁ» ይልና የተወውን ወደኔ ያንሸራትታል። እኔም አንቺ ዞር እስክትዪ ጠብቄ እጨርስለታለሁ። ሁለት ሰው ደስ አሰኝ ነበር፤ አንቺንም እሱንም።

ድንቹ ተለቅሞ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ጆንያ ከሚዛኑ ከወረደ በኋላ አባዬ እኛን ሚዛኑ ላይ ያወጣን ነበር። እኔ ስወጣ ሠራተኞቹ ሁሉ ይሰበሰባሉ። አባዬ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ጭብጨባ ይሆናል። «የኔ ልጅ ዘንድሮ ስምንት ኪሎ ጨምራለች!» ይላል፣ እኔን ራሱ እንደዘራኝ ሁሉ። ቀጮ ሲወጣ ግን ሚዛኑ ነቅነቅም አይልም። «ይሄ ልጅ ነፋስ ነው እንዴ የሚበላው?» ብሎ አባዬ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንቺም ያን ቀን ለእሱ ሁለት ኩባያ ወተት ትቀጂለታለሽ። እኔ በልጅ ልቤ የያዝኩት እንግዲህ ይህንን ነው፦ መክበድ ጤና ነው፣ መክበድ በረከት ነው፣ መክሳት መታመም ነው።

ከዚያ ከተማ ገባሁ። የምሠራበትን ታውቂዋለሽ፤ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ረጅም አዳራሽ ነው፣ አሥራ ስድስት የስፌት መኪና በሁለት ረድፍ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከመኪናዬ ኋላ ቁጭ ካልኩ የምነሳው ለምሳና ለቤት ብቻ ነው። ከሰውነቴ የሚንቀሳቀሰው የእግሬ ጫፍና ጣቶቼ ናቸው። አፌ ግን ገና እርሻ ላይ ነበር። ዳቦው ያው፣ ቅቤው ያው፣ እንቁላሉ ያው ሦስት። አንቺ በየወሩ በጭነት መኪናው የምትልኪውን ድንችና ቅቤ አንዱንም አላባከንኩም። እንዴት ብዬ? እጅሽ ያረፈበት ነገር ነው። ጓደኞቼም አመሌን አወቁ። አጠገቤ የምትሠራው ጨርቅ ቆራጯ፣ የሆዴን የማካፍላት ሴት ናት፣ ከምሳዋ ሩቡን እያስቀረች «ላንቺ ነው የተውኩት፣ በሞቴ እንዳትመልሺልኝ» ትለኝ ነበር። መቼ መልሼ አውቃለሁ!

እንደዚያ እንደዚያ እያለ አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ። የሰው ወገብ ስለካ ስውል የራሴን ለክቼ አላውቅም። ቀሚሴ ሲጠበኝ ጎኑን ተርትሬ ጨርቅ እጨምርበታለሁ። ደረጃ ስወጣ ቢያልበኝ «ሙቀቱ ነው» እላለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቀጮ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ መጣ። በሩን ስከፍት ፊቱ ሞልቷል፣ ጉንጩ ተነፍቷል፣ ያ የታወቀው አጥንቱ ጠፍቷል። እማዬ፣ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? እልል አልኩ። «ተመስገን! በመጨረሻ ወዝ ወጣህ! አስተማሪነት ተስማማህ ማለት ነው!» ብዬ አቅፌ ሳምኩት። ሰሃን ሙሉ ምግብ አቀረብኩለት። እሱም አልበላልኝም፤ ፈገግ ብሎ «አፌን መረረኝ እቴቴ» አለኝ። «እንግዲህ ጀመረህ» ብዬ ተቆጣሁት።

ውፍረት አልነበረም። ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ውኃ ነበር የያዘው። በሳምንቱ የጂኦግራፊ ትምህርት እያስተማረ ሰሌዳው ሥር ወደቀ። ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ። ወንድሜ እየሞተ ነበር፣ እኔ ወፈርክ ብዬ ሳምኩት።

ሁለቱም ኩላሊቶቹ ተዳክመው አልቀዋል አሉን። በሳምንት ሦስት ጊዜ ደሙ በማሽን መታጠብ ጀመረ። እሱም አልጋው ላይ ሆኖ አስማለኝ። «ለእማዬ አትነግሪያትም። አባዬን በቀበርንበት ዓመት ደም ግፊቷ ምን እንዳደረጋት አይተሻል። መፍትሔ ሲገኝ እንነግራታለን፤ ያለመፍትሔ አትንገሪያት።» ማልኩለት። ጥፋት ከሆነ የሁለታችን ጥፋት ነው፣ ስትቆጪ እኩል አካፍይን። በስልክ «ፈተና እያረምኩ ነው» ሲልሽ የነበረው እጁ ላይ መርፌ ተሰክቶ ነው። አንቺ የምትልኪለት ድንች ደግሞ፣ ሐኪሞቹ ለሱ በሽታ ድንች ስለከለከሉት፣ እሱንም የበላሁት እኔ ነኝ።

ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ይፈለግ ተባለ። እኔ ተመረመርኩ። ሐኪሙ ሽበት የወረሰው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ወረቀቶቹን አገላብጦ አየና፣ «ደማችሁ ይስማማል፣ ኩላሊትሽም ጤናማ ነው» አለኝ። ከወንበሬ ልነሳ ስል እጁን አነሳ። «ቆይ፣ መጀመሪያ እዚህ ሚዛን ላይ ውጪልኝ።»

መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ።

ሚዛን ላይ ወጥቼ ዝምታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«በዚህ ክብደት ቀዶ ጥገና አላደርግልሽም» አለ። «ማደንዘዣው ያሰጋሻል። ደግሞም አንዷን ሰጥተሽ በዚህ ክብደት ብትቀጥዪ የቀረችው ኩላሊት ከጊዜ በኋላ ትደክማለች። ወንድምሽን አድኜ አንቺን በሽተኛ ማድረግ አልፈልግም።»

«ስንት ልቀንስ ዶክተር?»

«ሠላሳ ኪሎ።»

«በስንት ቀን?»

ሳቀ፤ ግን በኔ ላይ አልነበረም። «ቀን አትቁጠሪ። ዓመት ይፈጃል። ምግብ አቁመሽ፣ ተዝለፍልፈሽ ብትመጪም አልቀበልሽም። ጠንክረሽ ነው መቅለል ያለብሽ።»

«ወንድሜ እስከዚያ ይቆይልኛል?»

«እጥበቱ ያቆየዋል። አንቺ ዛሬ ጀምሪ።»

ቀጮ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቀኝ ነበር። ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «እቴቴ፣ ሠላሳ ኪሎ እኮ የኔ ግማሽ ነው!» አለኝ። ሳቅን። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካልሆነልሽ አልቀየምሽም፣ እሺ?» አለ። እማዬ፣ እዚያ ኮሪደር ላይ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል የከበደኝ የለም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስነሳ ግን እንባዬ አልቆ እልህ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሐኪሙ ወደ አንዲት የምግብ ባለሙያ ላከኝ፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን ዓይኗ ምንም አያመልጠውም። ለአንድ ሳምንት የበላሁትን ሁሉ በደብተር እንድጽፍ አዘዘችኝ። ጻፍኩ። ስታነበው ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ፣ «እርሻ ላይ ነው ያደግሽው?» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ይሄ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የሚውል ሰው ምግብ ነው። ምግቡ ምንም ነውር የለበትም። አንቺ ግን ሥራውን እዚያ ትተሽ ምሳውን ብቻ ይዘሽ መጣሽ።»

ከዚያ ሌላ ጥያቄ አስከተለች። «መቼ መቼ ነው የሚርብሽ?»

አሰብኩ፣ አሰብኩ። እማዬ፣ አላውቀውም ነበር። በአርባ አንድ ዓመቴ ረሃቤን አላውቀውም ነበር። እኛ የምንበላው ርቦን ሳይሆን ሰዓቱ ደርሶ፣ ሥራው እየመጣብን ስለሆነ ነው። የምናቆመውም ጠግበን ሳይሆን ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው። ሆዴን ጠይቄው አላውቅም። ለሷ ይህን ስነግራት፣ «እንግዲያው ከሱ ጋር እናስተዋውቅሽ» አለችኝ።

ትውውቁ ቀላል አልነበረም። ማንኪያዬን በየጉርሻው መሃል ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀምጥ ነገረችኝ። ለሰው ሲነገር ያስቃል፤ እጄ ግን ማንኪያውን አልለቅ ይለኝ ነበር፣ ዝናብ የመጣብኝ ይመስለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳህኔ ላይ ሁለት ድንች ትቼ የተነሳሁ ቀን ደግሞ፣ እመኚኝ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ አነባሁ። «ታመሻል ወይስ ንቀሽኛል?» የሚለው ድምፅሽ ከኋላዬ መጣ። «አልታመምኩም፣ አልናቅኩሽምም» አልኩ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ድንቹን በክዳን ሸፍኜ ለማግስቱ አስቀመጥኩት።

ቆራጯ በመጀመሪያው ሳምንት ተቀየመችኝ። ያስቀረችልኝን ምሳ አልበላም ስላት ሳህኗን ጓ አድርጋ፣ «ምነው፣ ጠላሽኝ?» አለች። እውነቱን ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላና ወደ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። በማግስቱ መጥታ የልብስ ሜትሯን አንገቴ ላይ ጣል አደረገችው። «ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ መጀመሪያ ወገብሽን የምለካው እኔ ነኝ። ሆድሽን ወደ ውስጥ ስበሽ ብታጭበረብሪኝ እንዳትስፊበት መርፌሽን ነው የምደብቅብሽ!» ከዚያም ጠዋት ጠዋት ከሰፈሬ እስከ ሥራ ቦታ በእግሬ ስሄድ አብራኝ መሄድ ጀመረች። ሃምሳ ደቂቃ ነው። እሷ መቼም ምላሷ አያርፍም፤ በወሬዋ ምክንያት መንገዱ ሲያልቅ አልታወቀኝም።

የገረመኝ ደግሞ ምን መሰለሽ፣ ያዳነኝም ያው እርሻው ነው። ከስፌት አዳራሻችን ጀርባ ቁርጥራጭ ጨርቅና የዛገ ብረት የሚጣልባት ጠባብ መሬት አለች። አለቃችንን አስፈቅጄ ጠረግኋት። በምሳ ሰዓት ቁጭ ማለቱን ትቼ እቆፍር ጀመር። አካፋው እጄ ላይ እንደገባ ጀርባዬ ሥራውን አስታወሰ፤ ማንም አላስተማረውም። ጎመን ተከልኩ፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር። አሥራ አምስቱ ሰፊዎች መስኮት ላይ ተደርድረው «ይቺ ሴትዮ ጉድጓድ ልትቆፍር ነው እንዴ!» እያሉ ይስቁ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ግማሾቹ ከጎኔ ውኃ ያጠጡ ነበር። በትዕግሥት መጠበቅንም የማውቀው ከናንተ ነው። ዘር ዘርቶ በማግስቱ የሚበላ የለም። ሚዛኑ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብቻ ሲወርድ ሌላው ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ እኔ ግን ገበሬ ነኝ፣ እጠብቃለሁ።

ሁሉም ቀን ግን እንዲህ አልነበረም። በአምስተኛው ወር ሚዛኑ ዘጠና ስድስት ላይ ደርሶ ተቸነከረ። ሳምንት ቢሄድ ሳምንት ቢመጣ ያው። በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት ቀጮን ከእጥበት ይዤ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አስመለሰው፤ ሰው ሁሉ ፈቀቅ አለ፣ እሱም በሻርፕ አፉን ሸፍኖ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ሁሉንም ይለምናል። ቤቱ አስተኝቼው ወደ ቤቴ ገባሁና አንቺ የላክሽውን ቅቤ አውጥቼ አንድ ሙሉ ዳቦ ቁጭ ብዬ ጨረስኩ። አልጣፈጠኝም። ስበላ እንኳ መብላቴን አላወቅኩም። በማግስቱ አንገቴን ደፍቼ የምግብ ባለሙያዋ ዘንድ ሄድኩ።

«አንድ ሙሉ ዳቦ በላሁ» አልኳት።

«ኀዘን ነው የበላሽው። ዛሬ ቁርስ ምን በላሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ሂጂና ቁርስሽን ብዪ» አለችኝ። ቁጣም፣ ምክርም፣ ሌላ ቃልም የለም። በልቼ ወደ አካፋዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ተነቀነቀ።

እና ከዚያ የድንች ለቀማው መጣ። ቀጮ በየዓመቱ ይመጣልሽ ስለነበር፣ በመቅረቱ እንዳትጠረጥሪ በሱ ፈንታ እኔ መጣሁ። በር ላይ ስታዪኝ ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ። «ምን ሆነሽ ነው የከሳሽው?» ብለሽ ትከሻዬን ዳበስሽ። ደህና ነኝ አልኩሽ። አላመንሽኝም። ያንን ሁሉ ምግብ ሠርተሽ ያቀረብሽው ልታድኚኝ እንደነበር አውቃለሁ። ዳቦው ከምድጃ የወጣው እኔ ከመድረሴ በፊት እንዳይቀዘቅዝ ሰዓት ጠብቀሽ ነው። ቅቤውን አዲስ ነው የናጥሽው። እኔም በላሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓመት ሙሉ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር አልነበረም። ግማሹ ላይ ስደርስ ግን ሆዴ በቃኝ አለኝ። ሰማሁት። ሳህኑን ገፋሁት።

«ታመሻል ወይስ ንቀሽኛል?» አልሽ።

«ሁለቱም አይደለም እማዬ።»

«ሌላ ምን አለ?»

ሌላ የነበረው ልጅሽ ነበር እማዬ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ምያለሁ። ደግሞ ያን ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ ደረትሽን ይዘሽ ስታርፊ አይቼሽ ነበር። ዋጥኩት። አንቺም ተነስተሽ ወደ ላሞቹ ሄድሽ። በሦስተኛው ቀን ስንለያይ የጭነት መኪናው ሾፌር «ዛሬ የሚጫን የለም?» ብሎ ሲጠይቅሽ፣ «የሚበላው የለም» ብለሽ መለስሽለት። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ሾፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት ሬዲዮኑን አጠፋልኝ።

ያ ኀዘን ግን አልጣለኝም። «ከናትሽ የተኳረፍሽለት ነገር ዳር መድረስ አለበት» ብዬ ለራሴ ነግሬ ቀጠልኩ። ዘጠና ሁለት። ሰማንያ ስምንት። ቆራጯ በየወሩ ሜትሯን እየሳበች ቁጥሩን ለአዳራሹ ሁሉ ትለፍፋለች። ቀሚሶቼን አንድ በአንድ አጠበብኳቸው፤ የጨመርኩባቸውን ጨርቅ ሁሉ ተርትሬ አወጣሁ። ደረጃ ስወጣ ማለክለኬ ቀረ። ጉልበቴ ላይ የነበረው ሕመም መቼ እንደሄደ እንኳ አላወቅኩም፣ ሳይሰናበተኝ ነው የሄደው።

በአሥራ አራተኛው ወር ሐኪሙ ዘንድ ገብቼ ሳይነግረኝ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሰማንያ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። ጎንበስ ብሎ አየ፣ መነጽሩን አውልቆ አሁንም አየ።

«ጫማሽን አውልቀሻል?» አለኝ።

ወደ እግሬ አየሁ። «አላወለቅሁም!»

እማዬ፣ ያ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ነርሶቹ ምን ተፈጠረ ብለው በሩን ከፈቱ። ቀጮ ከኋላቸው ቆሞ፣ ቢጫ በሆነ ፊቱ ላይ ጥርሱ ብቻ ይታይ ነበር። «ግማሼን ጣለችው!» ብሎ ጮኸ።

ቀዶ ጥገናው ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ነበር። ሁለቱን አልጋ ጎን ለጎን አቆሙልንና እጅ ለእጅ ተያያዝን። «እቴቴ፣ ፈራሁ» አለኝ። «እኔም» አልኩት። ስነቃ አፌ ደርቆ፣ ጎኔ እሳት ሆኖ፣ የመጀመሪያ ቃሌ «ወንድሜስ?» ነበር። ነርሷ ፈገግ አለች። «ወንድምሽማ ሽንት በሽንት አደረገን! የሽንት ቦርሳ ቀይረን መጨረስ አልቻልንም!»

ስለ ሽንት ደብዳቤ ላይ ይጻፋል ወይ ትዪ ይሆናል። እሱ እኮ ከሸና ዓመት ከምናምን ሆኖት ነበር! እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ራሱ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ስንት ዓመት ስሠራ እንደዚህ ያለች ኩላሊት ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው» አለኝ። «ገና ሰፍተን ሳንጨርስ ሥራ ጀመረች። ምን እያበላሽ ነው ያሳደግሻት?»

«እኔ አይደለሁም ያሳደግኳት» አልኩት። «እናቴ ናት። በድንች፣ በወተትና በቅቤ።»

ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ። ምግብሽ አወፈረኝ ብዬ ልከስሽ እንደሆነ እንዳታስቢ። ምግብሽ አጥንቴን ሠራ፣ ጀርባዬን ሠራ፣ ዛሬ ወንድሜ ውስጥ የምትሠራዋን ኩላሊት ሠራ። ትርፉን ያከማቸሁት እኔ ነኝ፣ ሥራው ቀርቶ ምሳው ስለቀጠለ። ሳህንሽን የገፋሁት ሳህንሽን ስለጠላሁ አልነበረም። ያን ቀን የተውኩት ግማሽ ሳህን ዛሬ ለወንድሜ ደርሷል። እጅሽ አልጎመዘዘኝም፤ አይጎመዝዘኝምም።

ዛሬ ጠዋት ነርሷ ብቻዬን እስከ ኮሪደሩ መሃል እንድሄድ ፈቀደችልኝ። ግድግዳ ይዤ አንድ ሁለት እያልኩ ስሄድ፣ ከወዲያኛው ጫፍ የሆነ ሰው የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ብረት እየገፋ፣ ቀሚሱ ከኋላ እየተከፈተበት ይመጣል። ቀጮ ነው። ፊቱ ወደ አጥንቱ ተመልሷል፤ እብጠቱ ሁሉ ሄዷል። እማዬ፣ ያን ኮስማና ፊት አይቼ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መሃል ላይ ተገናኘን። ላቅፈው ስል «ቀስ! ዕቃሽን እንዳትሰብሪው!» አለኝ። ጎናችንን ይዘን ቆመን ሳቅን፣ አመመን፣ እንደገና ሳቅን። ነርሷ መጥታ ለየብቻ አስገባችን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ያው የጭነት መኪናው ሾፌር ነው። ሐሙስ ወደዚህ ሲመለስ ከፊት ወንበር አስቀምጦ እንዲያመጣሽ ነግሬዋለሁ፤ ላሞቹን ለጎረቤት አደራ በይ። ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር አለው፣ ደረጃ እንዳትወጪ። ከአሳንሰሩ ስትወጪ ወደ ቀኝ ተጠምዘዢ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች የኛ ናቸው። የመጀመሪያው የሱ ነው፣ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ግቢ። ስላልነገርንሽ የምትቆጪንን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅተሽ ነይ፤ አንዱንም ሳታስቀሪ እንሰማሻለን፣ ማምለጥ እንደሆነ አንችልም።

ሁለታችንም በናፍቆት እንጠብቅሻለን፤ ለየራሳችን አንዳንድ ጤነኛ ኩላሊት ይዘን።

ትልቋ ልጅሽ